ባለቤቱ የሌለበት ውይይት

ጌታ ኢየሱስ በመንገድ ሲያልፍ ከተወለደ ጀምሮ ዐይኑ የማያይ አንድ ሰው አየ (ዮሐ. 9)። ደቀ መዛሙርቱም አዩትና አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ይህ ሰው እንዲህ ሆኖ እንዲወለድ ኃጢአት የሠራው ማን ነው? እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ? ጥያቄው የቀልድ ጥያቄ አይደለም፤ በዘመኑ የነበሩ ሰዎች በቁም ነገር የሚያስቡበት ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰውየው ዐይነ ስውር እንጂ ጆሮው የማይሰማ አልነበረም። እዚያው አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ ራሱ የሚባለውን ይሰማል። ስለ እርሱ ሲጠያየቁ እርሱን ግን ማንም ምንም አልጠየቀውም።

በዚህ ጽሑፍ አብረን የምናስብበት ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ስለ አንድ ሕዝብ ችግር፣ ሕዝቡ በሌለበት ወይም እያለ ሳይጠየቅ መወያየት ተገቢ ነውን? አሳባችን በጎ ቢሆንስ? እውቀቱ ቢኖረንስ?

ክልላችን በቴሌቪዥን

ክልላችን ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በቴሌቪዥን የሚነሣባቸውን ጊዜያት እስቲ እንቁጠር። የመጀመሪያው በግድቡ ነው። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው፣ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚገኘው እዚሁ መተከል ዞን፣ ጉባ ወረዳ ነው። ሁለተኛው በሞት ነው። በታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተገደሉ። በዚያ ሰሞን ከ100,000 በላይ ሰዎች ከመተከል ተፈናቀሉ። ሦስተኛው “ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት” የሚባለው ርእስ ሲነሣ ነው። በጉሙዝ እኅትን ሰጥቶ ሚስት የማግባት የለውጥ ጋብቻ፣ ሴቶች ከቤት ርቀው ጫካ ውስጥ ለብቻቸው መውለዳቸው ለውይይት ይቀርባል።

ሦስቱም ርእሶች ሊነሡ ይገባል። ግድቡ የአገር ኩራት ነው፤ ግድያው ሊለቀስለት የሚገባ ነው፤ ብቻዋን ጫካ ውስጥ ደም የሚፈስሳት እናት ጉዳይም ዝም የሚባል አይደለም። ይሁን እንጂ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ወንበሮች ተደርድረው ውይይቱ ሲጀመር፣ ወንበሮቹ ላይ ብዙ ጊዜ የምናየው እነማንን ነው? አንድ ምሁር፣ አንድ የፖለቲካ ተንታኝ፣ አንድ ባለ ሥልጣን። የጉሙዝ ገበሬ፣ በመንጌ ወርቅ የምታጥብ የበርታ እናት፣ የሺናሻ፣ የማኦ ወይም የኮሞ ሽማግሌ ምናልባት በመሐል ለአንድ ደቂቃ በምስል ይታያሉ። ድምፃቸው ዝቅ ተደርጎ የጋዜጠኛው ትረካ ከላይ ይሰማል። ውይይቱ ስለ እነርሱ ነው፤ ተወያዮቹ ግን ሌሎች ናቸው።

አበው “ለቀባሪው አረዱት” ይላሉ። ሞቱን ከማንም በላይ የሚያውቀው ቀባሪው ነው፤ መርዶ ነጋሪው ግን ለእርሱው ሊያረዳው ይመጣል። ማታ ቴሌቪዥን ከፍቶ ስለ ራሱ ቀዬ የሚወያዩ እንግዶችን የሚሰማ የመተከል ተፈናቃይ ይህ ተረት ይገባዋል።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም

በአሜሪካም ይኸው ጥያቄ ብዙ አነጋግሯል። እ.ኤ.አ. በ1967 በከተሞች የተነሣውን ዐመፅ እንዲያጠና በፕሬዚዳንት ጆንሰን የተቋቋመው የከርነር ኮሚሽን በ1968 ባወጣው ሪፖርት ጋዜጦችንና ቴሌቪዥንን ክፉኛ ወቀሰ። የጥቁሮችን ሕይወት የሚዘግቡት በነጮች ዐይን ብቻ ነው፤ በየዜና ክፍሉ ያሉት ጥቁሮችም እጅግ ጥቂት ናቸው አለ።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር “ብላክ ጆርናል” የተባለ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ተጀመረ። ስለ ጥቁሮች፣ ለጥቁሮች፣ በጥቁሮች የሚዘጋጅ ነው ተብሎ ተዋወቀ። ነገር ግን ዋናው አዘጋጅ ነጭ ነበረ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ በነሐሴ ጥቁሮቹ ሠራተኞች “በጥቁሮች ካላችሁ በጥቁሮች ይሁን” ብለው ሥራ አቆሙ። ከዚያ በኋላ ዊልያም ግሪቭስ የተባለ ጥቁር የፊልም ባለሙያ ኃላፊነቱን ተረከበ። ሠራተኞቹ የጠየቁት የደመወዝ ጭማሪ አልነበረም። ጥያቄያቸው፣ ስለ እኛ የሚጠየቀውን ጥያቄ የሚመርጠው ማን ነው የሚል ነበር።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1965 እ.ኤ.አ.፣ ደራሲው ጄምስ ቦልድዊን በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የክርክር መድረክ ላይ ቆሞ ነበር። የአሜሪካ ሕልም የተገነባው በጥቁሩ ኪሳራ ነው ወይ በሚለው ርእስ ዊልያም በክሊ ከተባለ ወግ አጥባቂ ጸሓፊ ጋር ተከራከረ። ክርክሩን ቢቢሲ በቴሌቪዥን አሳየው። አዳራሹን የሞሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጭ ተማሪዎች ነበሩ፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን ቦልድዊን 544 ለ164 አሸነፈ። ስለ ጥቁሮች ችግር ከዚያ በፊትም ብዙ ተብሎ ነበር። በዚያ ምሽት ልዩ የነበረው፣ የኖረበት ሰው ራሱ መናገሩና የሰሙትም መለወጣቸው ነው።

ይህ ሲባል ግን ባለቤቱ ወንበር ካገኘ ነገሩ ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ለዐሥር ዓመታት ያህል ታቪስ ስማይሊ የተባለው ጋዜጠኛ “የጥቁሮች ኅብረት ሁኔታ” በሚል ርእስ በየዓመቱ ትልቅ ውይይት ያዘጋጅ ነበር፤ በቴሌቪዥንም ይተላለፍ ነበር። ተናጋሪዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። ቢሆንም አብዛኞቹ ስመ ጥር ምሁራን፣ ሰባኪያንና ፖለቲከኞች ናቸው። ቢሮ የምታጸዳው እናት፣ ልጁ የታሰረበት አባት ያሉት ከተመልካቹ ወገን ነው። ይህ ለእኛም ይሠራል። አንድ የበርታ ተወላጅ ባለ ሥልጣን ስቱዲዮ ገባ ማለት ወርቅ የምታጥበዋ የበርታ እናት ተጠየቀች ማለት አይደለም።

ባዶ የተባለው መሬት

እንዲህ ዐይነቱ ውይይት ይሉኝታ የማጣት ጉዳይ ብቻ መስሎ እንዳይታየን አንድ ከባድ ታሪክ እናንሣ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም ያሳየው የረኃብ ምስል ዓለምን አንቀጠቀጠ። ደርግ ለረኃቡ መፍትሔ ብሎ ካቀረባቸው አንዱ ሠፈራ ነበር። ጥያቄው፣ ሰው የማይኖርበት ሰፊ ለም መሬት የት አለ የሚል ሆነ። ከላይ ሆነው ሲያዩት መተከልና አሶሳ ባዶ መስለው ታዩ። በጣሊያን መንግሥት ርዳታ በተሠራው የጣና በለስ ፕሮጀክት ወደ ፓዌ ብቻ 80,000 የሚጠጉ ሰዎች ከወሎ፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከሌሎችም ስፍራዎች ተወስደው ሠፈሩ።

መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። ጉሙዝ አንዱን እርሻ ጥቂት ዓመት አርሶ ለዓመታት ያሳርፈዋል፤ እስኪያገግም ሌላውን ያርሳል። ጫካውም የማር፣ የአደን፣ የሥራ ሥርና የመድኃኒት ቦታው ነው። ባዶ የመሰለው ያረፈ መሬት ነበር። ይህን ለማወቅ ታላቅ ጥናት አያስፈልግም ነበር፤ አንድ የጉሙዝ ሽማግሌ “አባታችን፣ ይህ መሬት የማን ነው?” ተብለው ቢጠየቁ ይበቃ ነበር። ሠፋሪዎቹም ቢሆኑ በአብዛኛው አልተጠየቁም። ብዙዎቹ ሳይወዱ ተጫኑ፤ ብዙዎቹም በማያውቁት ቆላ በወባ አለቁ። ሁለት የተቸገሩ ሕዝቦች፣ ሁለቱም ሳይጠየቁ፣ በአንድ መሬት ላይ ተገናኙ። ከዚያ በኋላ በመተከል ለፈሰሰው ደም ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የገዳይም ኃጢአት በገዳዩ ላይ ነው። ቢሆንም ባልተጠየቀ ጥያቄ ላይ የተሠራ መፍትሔ ምን ያህል ዕዳ እንደሚያስከትል እዚህ ላይ እናያለን።

እንግዲህ ባለቤቱን መጠየቅ የትሕትና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእውነት ጉዳይም ነው። ባለቤቱ ሲናገር መልሱ ብቻ ሳይሆን ጥያቄው ራሱ ይለወጣል። “ባዶ መሬት የት አለ?” የሚለው “ይህን መሬት ከባለቤቱ ጋር እንዴት እንኑርበት?” ይሆናል። ጌታም በዮሐንስ 9 ያደረገው ይህንኑ ነው። የደቀ መዛሙርቱን ጥያቄ በቀረበበት መንገድ አልመለሰም፤ ማን በደለ የሚለውን ትቶ የእግዚአብሔር ሥራ በዚህ ሰው እንዴት ይገለጥ ወደሚለው አሻገራቸው።

ጥቁር ማን ነው?

ከባለቤቱ ይልቅ ተንታኙን እንድናምን የሚያደርገን አንድ የቆየ ነገርም አለ። “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” ይባላል። በአድዋ በዓል ጊዜ ሁላችን ጥቁር ነን፤ የ1888ቱ ድል የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ድል ነው ብለን በዓለም ፊት እንኮራለን። በሰፈራችን ግን “ቀይ” እና “ጥቁር” ብለን እንከፋፈላለን። በመተከል እነዚህ ሁለት ቃላት ጎረቤትን ከጎረቤት መለያ ሆነዋል። “ሻንቅላ” የሚለው ቃል ዛሬም እንደ ስድብ ከአንዳንዶች አፍ ይወጣል፤ ቃሉን የሚወረውረው ሰው ከኋላው ያለውን የባርነት ታሪክ አያውቀው ይሆናል።

ታሪኩ ረጅም ነው። ከዚህ ምድር ሰዎች በአደን ተይዘው ተሽጠዋል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት ዐዋጅ ወጣ፤ ሙሉ በሙሉ በሕግ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። በንግዱ እጃቸውን ያስገቡት ከደጋ የመጡ ብቻ አልነበሩም። የአሶሳ ገዥ የነበሩት ሼህ ሖጀሌ አልሐሰንና ቤተ ሰባቸውም ይነሡበታል። ኃጢአት አንድ ብሔር ብቻ የሚኖርበት ቤት የለውም። ስለዚህ አንዱን ወገን ከሳሽ፣ ሌላውን ተከሳሽ አድርገን ልንለያይ አንችልም፤ አብረን ንስሐ ልንገባበት የሚገባ ነው።

ማርያምና አሮን በኩሻዊቷ የሙሴ ሚስት ምክንያት በሙሴ ላይ ተናገሩ (ዘኍ. 12)። ያቺ ሴት በምዕራፉ ውስጥ አንድ ቃል አትናገርም፤ ስሟም አልተጻፈም። ሰዎች ስለ እርሷ ሲያወሩ እርሷ ዝም አለች፤ እግዚአብሔር ግን ሰማ። በየስቱዲዮውና በየቡና ዝግጅቱ ስለ ሌላው ሕዝብ የምንለውን እርሱ ይሰማል ብሎ ማሰብ ለአንደበት ትልቅ ልጓም ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

እስካሁን የተባለውን በእውነተኛ ልብ የሚቃወም ሰው ሊኖር ይችላል። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ “መጽሐፍ ቅዱስ መናገር ለማይችሉ አፋችንን እንድንከፍት ያዝዘናል (ምሳ. 31)። ሁልጊዜ ባለቤቱ ይናገር ካልን ድምፅ የሌለው ተረስቶ ይቀራል።” ይህ እውነት ነው። አቤሜሌክን እናስብ (ኤር. 38)። ኩሻዊው የቤተ መንግሥት ሹም፣ ነቢዩ ኤርምያስ ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ሲጣል ወደ ንጉሡ ሄዶ ተናገረለት። ጥቁሩ ሰው ለዕብራዊው ድምፅ ሆነ። ቀጥሎ ያለውን ግን እንመልከት። አቤሜሌክ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ ከኤርምያስ ጋር ተነጋገረ፤ ገመዱ እንዳይቈርጠው ጨርቁን በብብትህ ሥር አድርግ አለው። ኤርምያስም አደረገ፤ ወጣም። ከዚያ ወዲያው ንጉሡ ኤርምያስን ራሱን አስጠርቶ ጠየቀው። መልካም ጠበቃ የሚታወቀው በዚህ ነው። ስለ ሌላው ሲናገር ዓላማው ያ ሰው ወጥቶ ራሱ እንዲጠየቅ ነው። ስለ ሰዎቹ ለዓመታት እየተናገርን እነርሱ ገና ጉድጓድ ውስጥ ካሉ፣ የተመቸን ምናልባት ጠበቃ መባሉ ይሆናል።

ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ “ባለቤቱ የራሱን ነውር ይሸፍናል። የለውጥ ጋብቻን ለሽማግሌዎች ብትተው ባህላችን ነው ብለው ያልፉታል።” ይህም እውነት አለው። በለውጥ ጋብቻ አንዷ ባሏን ጥላ ብትሄድ የሌላዋም ትዳር ይናወጣል፤ በሁለት ቤት መካከል ጠብ ይነሣል። ዕዳውን የሚሸከሙት ደግሞ ልጃገረዶቹ ናቸው። ግን መልሱ ሽማግሌውን ትቶ ወደ አዲስ አበባው ተንታኝ መሄድ ነውን? መልሱ ልጃገረዷን መጠየቅ ነው። ዐይነ ስውር የነበረው ሰው ወላጆች በተጠየቁ ጊዜ ፈርተው፣ ልጃችን ሙሉ ሰው ነው፣ ስለ ራሱ እርሱን ጠይቁት አሉ። የተናገሩት በፍርሃት ቢሆንም ቃላቸው ትክክል ነበር። ቤተ ሰብ፣ ጎሳ፣ የአገር ሽማግሌ እንኳ የአንድን ሰው ድምፅ ሙሉ በሙሉ ሊተካ አይችልም። ሰውየውም ሲጠየቅ በሸንጎው ፊት ማንም ሊመልስለት ያልቻለውን ቀላል እውነት ተናገረ፤ ዐይኔ አያይም ነበር፣ አሁን ግን አያለሁ።

ባለቤቱ ሁልጊዜ ትክክል ነው አልልም። ባለቤቱ ሁልጊዜ ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ነው፤ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ ነውና። አንድን ሕዝብ “ችግር” ብሎ መጥራት ቀላል ነው። ችግር አይናገርም፣ አይቈጣም፣ አይጸልይም። ሰው ግን ይናገራል።

ከእኛ ቤት እንጀምር

ቴሌቪዥን ጣቢያ የለንም፤ የስቱዲዮ ወንበር የምንደረድረው እኛ አይደለንም። የወጣቶች ኅብረት ግን አለን። በዚያም የፓናል ውይይት እናዘጋጃለን። ስለ ሱስ ስንወያይ ከሱስ የወጣው ወንድም ወንበር ላይ ነው ወይስ ከኋላ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል? ከሱዳን ብሉ ናይል ሸሽተው በባምባሲና በሸርቆሌ መጠለያ ስላሉት ስደተኞች ስንጸልይ ከመካከላቸው የአንዱን ስም እናውቃለን? ስለ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የምንለውን ሁሉ እነርሱ ቢሰሙ እናፍር ይሆን? የዝማሬው፣ የስብከቱና የውይይቱ ቋንቋ ሁልጊዜ አማርኛ ሲሆን፣ በበርታኛ ወይም በጉሙዝኛ የሚያስበው ወንድማችን አሳቡን ተርጕሞ እስኪጨርስ ውይይቱ አልፎታል።

ልናደርጋቸው የምንችላቸው ነገሮች ትንንሽ ናቸው። ውይይት ስናዘጋጅ አስቀድመን፣ ይህ የሚነካው ማንን ነው ብለን እንጠይቅ፤ ርእሱንም ከዚያ ሰው ጋር እንምረጥ። በራሱ ቋንቋ እንዲናገር አስተርጓሚ እናቁም፤ አስተርጓሚው ጊዜ ይወስዳል፣ ይውሰድ። መናገር የማይፈልግ ካለ ዝምታውን እናክብር፤ ሰውን መከራውን ለማሳየት መድረክ ላይ መጎተት ሌላ ክፋት ነው። የኢዮብ ወዳጆች ከሁሉ የተሻለ ሥራ የሠሩት ምንም ሳይናገሩ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት የተቀመጡ ጊዜ ነው። የተበላሸው ትንታኔ የጀመሩ ዕለት ነው፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቈጣው በእነርሱ ላይ ነበር።

በጉሙዝ ማንግማ የሚባል የዕርቅ ሥርዓት አለ። የተጣሉት ወገኖች በሽማግሌዎች ፊት ይገናኛሉ፤ በዳይም ተበዳይም አለ። ዕርቁ እነርሱ በሌሉበት አይጨረስም። በስቱዲዮው ውይይት “ችግር” የተባለው ሕዝብ፣ ስቱዲዮው የጎደለውን ከአባቶቹ ተቀብሎ ይዞታል። ማንም የጠየቀው የለም እንጂ።

በኅብረታችሁ ለመወያየት

1. በቅርቡ በቴሌቪዥን ካያችሁት ውይይት አንዱን አስታውሱ። ጉዳዩ የሚነካው ሰው ወንበር ላይ ነበር? ቢኖር ጥያቄው የሚለወጥ ይመስላችኋል?

2. ኤርምያስ 38፥7–14ን አንብቡ። ስለ ሌላው በመናገርና ሌላው እንዲናገር በማድረግ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

3. በአጥቢያችሁ “ስለ እርሱ” የምታወሩበት፣ “ከእርሱ ጋር” ግን ያልተነጋገራችሁት ማን አለ? በዚህ ሳምንት ማን ሄዶ ይጠይቀዋል?